የቦዩ ክርን

ከኤረር በር ገባ ብሎ፣ ግንቡን ተደግፎ፣
ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቦይ ነበረ ተጽፎ።
ፕላኑ ላይ እንዲያ ነው፤ ሰማያዊ መስመር፣
ከአናት እስከ ሸለቆ፣ ያላንዳች መሰበር።

ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ከሃያ፣
ጊዜው አርባ አምስት ቀን፣
ክረምት ሳይቀድመን።

እኔ ፎርማን ነኝ፤ የድሬ ልጅ፣ ከዚራ ያደግሁ፣
መንገድ ሁሉ እንደ ሐዲድ ቀጥ እንዲል የለመድሁ።
የጀጎል መተላለፊያ፣ ትከሻ የሚያፋትገው፣
ለእኔ የሥራ እንቅፋት እንጂ ሌላ ምን ነው?
ኤክስካቫተር አያስገባም፤
በዶማ ጀመርን፣ በአካፋ፣ በእጅ ጋሪ።
(መኪናው ቢገባ ኖሮ
ማንም ምንም ባልሰማ።)

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣
ኦብሳ ዶማውን አቆመ፤ ድምፁ ተለወጠበት።
ድንጋይ ነው፣ ግን የተጠረበ፤
ጎን ለጎን የቆመ፣ በኖራ የተያዘ፤
በስንጥቁ ስናይ
ራሱ ወደ ምሥራቅ፣ ፊቱ ወደ ሰሜን፣
በቀኝ ጎኑ የተኛ ሰው።

«እንቀጥል ወይ?» አለኝ። ኪሴ ውስጥ ነበር
ቀን ባለፈ ቁጥር የሚቆረጠው ብር።

ፈትሒያ ከቅርስ ቢሮ መጣች በባጃጅ፣
ብሩሽና ሲባጎ፣ ማኅተም ያለው ማዘዣ በእጅ።
አልተቆጣችም። ፋይሌን ጠየቀች፣
ገልጣ ገልጣ አንዱ ገጽ ላይ ቆመች።
«የሠፈሩ አፎቻ ተማክሯል» ይላል፤
«ተፈጽሟል» ላይ ምልክት፤
ከሥሩ የእኔው ፊርማ፣
ሰማያዊ፣ እንደ ቦዩ መስመር።

ማንን ነው ያማከርሁት?
ኮንቴይነሩ ቢሮ ውስጥ፣ ከምሳ በፊት፣
ከሃያ ቅጽ ጋር አንድ ላይ ሞላሁት፤
ሻይ ፈሶበት ነበር፣ በእጅጌዬ ጠረግሁት።

አይ ሙርሺዳ መጡ፣ ከኋላቸው ሠፈሩ።
«የማን ነው?» አልኳቸው፣ «ታውቁታላችሁ መቃብሩን?»
«የጥጉ አባት እንላቸዋለን፤ ስማቸው ጠፍቷል።
ልጅ ሲያመን እዚህ ጥግ ውኃ እናፈሳለን።»
«ታዲያ ምልክት የለ፣ ሐውልት የለ፣ አጥር የለ!»
«ምልክቱማ እኛ ነን፤
ማን ጠየቀን?»

አለቃዬ በስልክ፦ «ካሳ ስጥና አስነሣ።»
ባለ ሱቁ ዚያድ ደግሞ ከደጁ ሆኖ ተነሣ፦
«አምና ጎርፉ ገብቶ ስኳሬን ሲያሟሟ
የጥጉ አባት የት ነበሩ? እኔስ ሰው አይደለሁ?»
ማንም አልመለሰለት። እውነቱን ነበር።

አይ ሙርሺዳ ግን ወደ እኔ ዞረው፣ ቀስ ብለው፣
«ብሩን ቱቦ ግዛበት። እኛ ቤት ሰው ሲተኛ
በላዩ አንራመድም፣ ዞር ብለን ነው።
ቦይህ መዞር አያውቅም?»

ውኃ መዞር አይወድም፤ ደለል ይጥላል ክርኑ ላይ፤
ቀያሹ አደረ በመብራት ሲያሰላ፣ ሲደምስስ፣ ሲያይ።
ሁለት እጥፋት፣ አንድ ጉድጓድ ከነክዳኑ፣
ሦስት ሜትር ፈቀቅ፣
ዘጠኝ ቀን መዘግየት፣
እና ከአለቃዬ አንድ ደብዳቤ፣
እስካሁን ያላጣፍኩት፣ ያልቀደድኩት።

ድንጋዩን ኦብሳ መለሰ፣ እንደነበረ፣
አፈሩን በእጁ አለበሰ፤ ዶማ አልጨመረ።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ወረደ አንድ ሌሊት፤
ጠዋት ሄጄ ቆምሁ፣ ክዳኑ አጠገብ፣ በጭቃ ጫማ።
ውኃው ይመጣል፣ ይመጣል፣ ይንጫጫል፣
እዚያ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣
ከዚያ አልፎ እንደገና ይጮኻል።
የዚያድ ደጅ ደረቅ ነበር።
ሰላም ግን አላለኝም።

የመጨረሻውን ሥዕል ልፈርም ተቀመጥሁ።
«ከፕላኑ ልዩነት» የሚል ሣጥን አለ፣ «ምክንያት» የሚል ጠባብ መስመር።
«የዲዛይን ማሻሻያ» ብዬ ጽፌ ሠረዝሁት።
ሣጥኑ ሦስት ቃል እንኳ በቅጡ አይችልም፤
በሁለት ጻፍሁ፦

ሰው ተኝቷል።